ጉበት ሲታመም የመኝታው ጉዳይ፦ ከየት ይጀመራል?

ጉበት ሐኪም ዘንድ ሲገቡ የሚጠየቁት ጥያቄ ይታወቃል። ሆድዎ ተነፍቷል ወይስ ቀሏል? ሰገራዎ ጠቁሯል? የምግብ ፍላጎትዎስ? ስለ ወሲብ የሚጠይቅ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ደፍሮ የሚያነሳ ታማሚም እንደዚሁ። ወረፋው ረጅም ነው፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ በዚያ ላይ ሁለት ሦስት ተለማማጅ ሐኪሞች አጠገብ ቆመዋል። ስለዚህ ሰውየው መድኃኒቱን ተቀብሎ፣ ጉዳዩን ግን እንደያዘ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ወይ በዝምታ ከሚስቱ ይርቃል፣ ወይ ጓደኛ የጠቆመውን ኪኒን ከኪዮስክ ይገዛል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ሰው ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ለዓመታት አብሮት ለኖረ፣ ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ሲሮሲስ ለተባለ፣ በመጠጥ ወይም በስብ ጉበቱ ለተጎዳ። ስንፈተ ወሲብ ከጉበት ሕመም ጋር አብሮ የሚመጣ የሕመሙ አካል ነው። ምክንያቶቹ የሚታወቁ ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የሚስተካከሉ ናቸው። ነገር ግን ቅደም ተከተል አላቸው። ሁሉም ሰው የሚጀምርበት ኪኒን ተራው የሚደርሰው ወደ መጨረሻው ነው።

መጀመሪያ የጎደለውን ይለዩ

«አልሆነልኝም» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ፍላጎቱ ራሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ፍላጎት እያለ ብልት አልቆም ወይም ቆሞ አልጸና ብሎ ሊሆን ይችላል። ወይም ሁለቱም ደህና ሆነው የዘር ፈሳሽ መውጣቱ ላይ ችግር ይኖራል። መፍትሔያቸው ስለሚለያይ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከጎኑም መቼ እንደጀመረ፣ በድንገት ይሁን ቀስ በቀስ፣ በዚያን ሰሞን የተጀመረ አዲስ መድኃኒት ካለ ያስፍሩ።

አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከቱ፦ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነቁ ብልትዎ ይቆማል? አዎ ከሆነ የደም ሥሩና ነርቩ በመሠረቱ እየሠሩ ስለሆነ ወደ ጭንቀት፣ ድካምና ትዳር ያዘነብላል። ለወራት ጨርሶ ካልታየ ደግሞ ሆርሞን፣ የደም ሥር ወይም መድኃኒት ይጠረጠራል። ይህ ፍርድ ባይሆንም ለሐኪሙ ጥሩ መነሻ ነው።

ሰውነትዎንም ይዩ። ጡትዎ አብጧል ወይስ ሲነኩት ያማል? የብብትና የደረት ጸጉር ሳስቷል? የዘር ፍሬዎ አንሷል? መዳፍዎ ቀልቷል? በሲሮሲስ ጊዜ ዘር ፍሬው ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን እንደበፊቱ አያመርትም፤ ከአንጎል ሥር ያለው ዕጢም የሚልከው ትእዛዝ ይደክማል። በተጨማሪም ሆርሞኑን አስሮ የሚይዝ ፕሮቲን በደም ውስጥ ይበዛል፤ ከቀረው ላይ ከፊሉ ወደ ሴት ሆርሞን፣ ወደ ኤስትሮጅን ይለወጣል። የጡቱም ማበጥ፣ የጸጉሩም መሳሳት፣ የፍላጎቱም መጥፋት ከዚህ ይመነጫሉ። ይህን ማወቁ ለባለቤትዎም ይጠቅማል፤ ብዙ ሚስቶች ባላቸው የራቃቸው ሌላ ሴት ኖራ ይመስላቸዋል።

ቀጠሮው ላይ አፍዎ አልከፈት ካለ የጻፉትን ወረቀት ለሐኪሙ ይስጡት። ቃል መናገር አያስፈልግም።

መድኃኒቶችዎን ሁሉ ይዘው ይሂዱ

ከሁሉም እርምጃ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው ይህኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው። ቤት ያለውን ኪኒን በሙሉ፣ ለደም ግፊት የሚወስዱትንም፣ ለጨጓራ የገዙትንም፣ አንድ ከረጢት ውስጥ ከተው ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ይዘርግፉት።

ተቀዳሚው ተጠርጣሪ ስፓይሮኖላክቶን ነው። ሆዱ ውሃ ለቋጠረ ሰው ከፉሮሴማይድ ጋር የሚታዘዘው እሱ ነው። ውሃውን በማስወጣት ግሩም ቢሆንም የወንድ ሆርሞንን ሥራ ይከለክላል። ጡት ማበጥና ማመም፣ ፍላጎት መቀነስ፣ ብልት አለመቆም የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶቹ ናቸው፤ መጠኑ ሲጨምርም ይብሳሉ። ሐኪምዎ መጠኑን ሊቀንስ ወይም እንደ አሚሎራይድና ኤፕለሪኖን ባሉ ሆርሞኑን ብዙ በማይነኩ መድኃኒቶች ሊተካው ይችላል። እነሱ ካልተገኙ ጨው በደንብ መቀነስ ራሱ የኪኒኑን መጠን ዝቅ ለማድረግ ዕድል ይሰጣል። በቀን ከ5 ግራም ያልበለጠ፣ ማለትም ወጥ ውስጥ የገባውንና በርበሬ ውስጥ ያለውን ጨምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ማለት ነው።

ሁለተኛው ፕሮፕራኖሎል ነው። በጉሮሮ ቧንቧ ውስጥ ያበጡ የደም ሥሮች እንዳይፈነዱ ይሰጣል። እሱም አንዳንድ ወንዶች ላይ የብልት መቆምን ያዳክማል። ነገር ግን በራስዎ ውሳኔ እንዳያቆሙት አጥብቄ አሳስባለሁ። በድንገት የተቋረጠ ፕሮፕራኖሎል ደም ሊያስተፋ ይችላል፤ ያ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው። ለአንዳንድ ታማሚ ያበጡትን የደም ሥሮች በኢንዶስኮፒ ማሰር አማራጭ ይሆናል። ሐኪሙን «ሌላ መንገድ አለ?» ብለው ይጠይቁ እንጂ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ አይደብቁት።

ለድብርት የሚሰጡ እንደ ፍሉኦክሲቲን ያሉ መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ ሲሜቲዲን የተባለው የጨጓራ ኪኒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው የግፊት መድኃኒትም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። በሌላ በኩል ለሄፓታይተስ ቢ በየቀኑ የሚወሰደው ተኖፎቪር በዚህ ጉዳይ የሚወቀስ አይደለም። «ወንድነቴን የወሰደው እሱ ነው» ብለው ካቆሙት ቫይረሱ ባንድ ጊዜ ተነሥቶ ጉበቱን ሊጥል ይችላል።

መጠጥ፣ ጫት፣ ሥራ ሥር

ስለ መጠጥ አጭር ነው፦ ጠላም ጠጅም አረቄም ቢራም ይቁም። አልኮል ጉበቱን ከመጉዳቱ ሌላ ዘር ፍሬውን በቀጥታ ይመርዛል። ስለዚህ በመጠጥ ጉበቱ የተጎዳ ወንድ በሁለት በኩል ይመታል። ያቆመ ሰው ላይ በወራት ውስጥ ፍላጎትም ኃይልም የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ዘር ፍሬው ገና ካልሟሸሸ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ግን በአንድ ቀን ማቆሙ ራሱ አደገኛ መንቀጥቀጥ ሊያመጣበት ስለሚችል በሐኪም ክትትል ያቁም።

ጫትን በተመለከተ ጉዳዩ ትንሽ ያከራክራል፤ ብዙ ሰው የሚቅመው «ያነቃቃኛል» ብሎ ነውና። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ለዓመታት አብዝተው በሚቅሙ ሰዎች ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት ሕመም በብዛት አግኝተዋል። ጉበቱ አስቀድሞ ለታመመ ሰው ይህ በቂ ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል። በተጨማሪ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍን ይነሣል፤ ሁለቱም ለወሲብ አቅም ዋና ነገሮች ናቸው።

ለወንድ ኃይል እየተባለ የሚሸጥ ሥራ ሥር፣ የወፍ በሽታ መድኃኒት ተብሎ በማር የሚታሽ ቅጠል፣ ከዱባይ የመጣ የታሸገ ማር ወይም ቡና፣ እነዚህን ሁሉ በአንድ ሚዛን አያቸዋለሁ። ውስጡ ያለው አይታወቅም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን «ተፈጥሯዊ» እየተባሉ በሚሸጡ ብዙ የወሲብ ማነቃቂያዎች ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ሲልደናፊል ተደብቆ አግኝቷል። እንዲህ ያለው «ማር» መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው።

ጡንቻ፣ ምግብና ጾም

ሲሮሲስ ሥጋ ይበላል። ጡንቻ የሳሳበት ሰው ደግሞ ፍላጎቱም ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። «ጉበት ያለበት ሰው ሥጋ፣ እንቁላል፣ ባቄላ አይብላ» የሚለው የቆየ ምክር ተሽሯል። አሁን የሚመከረው በኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን በቀን ነው። ለ60 ኪሎ ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ይሆናል። ከእንቁላል፣ ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከአይብ፣ ከዓሣ እያዋጡ ይደርሱበታል።

ትልቁ ጠላት ረጅም ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ነው። አንድ ሌሊት ባዶ ሆዱን ያደረ የሲሮሲስ ታማሚ ሰውነት ከሁለት ሦስት ቀን ጾም በኋላ ካለ ጤነኛ ሰውነት ጋር ይቀራረባል፤ ጉበቱ ስንቅ ማስቀመጥ ስላቃተው የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል። ስለዚህ ከመተኛትዎ በፊት አንድ ነገር ይብሉ፤ በሶ፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ የአጃ ገንፎ። ጾም የሚጾሙ ከሆነ ሕመምዎን ለንስሐ አባትዎ ወይም ለመስጊድዎ ሼኽ ያስረዱ፤ በሁለቱም ሃይማኖት ሕመምተኛ የሚታይበት መንገድ አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ቀርቶ የጾም ምግብ ቶሎ ቶሎ መብላት እንኳ ለውጥ ያመጣል።

በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ፣ ከወንበር ሳይደገፉ አሥር ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ በቂ ጅምር ነው። ቀን እንቅልፍ እየጣለዎት ሌሊት ዓይንዎ የሚፈጥጥ ከሆነ ግን ያ ተራ እንቅልፍ ማጣት ላይሆን ይችላል። ጉበት ያላጣራው መርዝ አንጎልን መንካት ሲጀምር የሚታይ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገር። የእንቅልፍ ኪኒን በራስዎ አይግዙ።

ደም ሲመረመሩ

ቴስቶስትሮን የሚለካው ጠዋት፣ ከሦስት ወይም አራት ሰዓት በፊት ነው፤ ከሰዓት በኋላ የተወሰደ ደም ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። አንዴ ዝቅ ካለ በሌላ ቀን ይደገማል። እዚህ ላይ ጉበት ታማሚን የሚያሳስት ወጥመድ አለ። ቀደም ሲል ያነሣሁት አሳሪ ፕሮቲን በሲሮሲስ ስለሚበዛ ጠቅላላው ቴስቶስትሮን «ደህና» ሊመስል ይችላል፤ ሥራ የሚሠራው ያልታሰረው ክፍል ግን አንሷል። በስብ ጉበትና በውፍረት ደግሞ ፕሮቲኑ ስለሚቀንስ ቁጥሩ ከእውነቱ በታች ይመስላል። ውጤቱ የተለመደ ነው ተብለው ምልክቱ ካልቀረ ያልታሰረው ክፍል ይሰላልኝ ብለው ይጠይቁ።

ከዚሁ ጋር ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ታይሮይድ፣ ፕሮላክቲንና የደም ግፊት ይታዩ። በተለይ የስብ ጉበት ያለበት ሰው የብልት አለመቆም ልብ ላይ ያለ የደም ሥር ችግር ቀድሞ የሚታይበት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይልቅ ቀጫጭን ስለሆኑ ቀድመው ይዘጋሉ።

ሆርሞኑ በእርግጥ ካነሰ ቴስቶስትሮን መተካት የሚታሰብ ነገር ነው። በአውስትራሊያ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቴስቶስትሮን ዝቅ ያለባቸው የሲሮሲስ ወንዶች በመርፌ ሲተካላቸው ጡንቻቸው እንደጨመረ አሳይቷል። ነገር ግን የጉበት ካንሰር ያለበት ሰው አይወስደውም፤ ደምን ሊያወፍርና ውሃ ሊያስቋጥር ስለሚችልም ክትትል ይፈልጋል። በአፍ የሚዋጠው ሜቲልቴስቶስትሮን የተባለው ዓይነት ግን ጉበትን በቀጥታ ስለሚጎዳ ከእነጭራሹ አይነካ። በጂም ቤት የሚዘዋወሩት ኪኒኖች ብዙዎቹ የዚሁ ዘመድ ናቸው።

አሁን ኪኒኑ

በተለምዶ ቪያግራ የሚባለው ሲልደናፊል በ1998 እ.ኤ.አ. ነው በአሜሪካ የተፈቀደው። የሚፈርሰው ጉበት ውስጥ ነው። ቀላልና መካከለኛ ሲሮሲስ ባለበት ሰው ደም ውስጥ የሚደርሰው መጠን ጤነኛ ሰው ላይ ከሚደርሰው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ጓደኛዎ 100 ሚሊግራም ወስዶ «ምንም አልሆንኩም» ማለቱ ለእርስዎ ምስክር አይሆንም። ለጉበት ታማሚ መነሻው 25 ሚሊግራም ነው። ሙሉ ውጤቱን የሚሰጠው ቅባት የበዛበት ምግብ ሳይኖር፣ ከግንኙነቱ አንድ ሰዓት ገደማ አስቀድሞ ሲወሰድ ነው፤ ስሜት ሳይቀሰቀስም ብቻውን አይሠራም። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው ጥሬ ሥጋ በልቶ ወዲያው ስለወሰደው ነው። ታዳላፊል ከሆነ ቀላልና መካከለኛ ሲሮሲስ ላለበት ሰው ከ10 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ውጤቱም እስከ 36 ሰዓት ይቆያል።

የሲሮሲስን ደረጃ ሐኪሞች ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ ይከፍሉታል፤ ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን፣ የደም መርጋት፣ የሆድ ውሃና የአንጎል ምልክት ተደምሮ። «የኔ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሲ ከሆነ እነዚህ ኪኒኖች አይመከሩም።

ፍጹም ክልክል የሚሆነው ከናይትሬት መድኃኒቶች ጋር ነው፤ ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ናይትሮግሊሰሪንና አይሶሶርባይድ። አይሶሶርባይድ ለልብ ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ለጉበት ደም ሥር ግፊት ከፕሮፕራኖሎል ጋር ይታዘዛል። ናይትሬትና እነዚህ ኪኒኖች ሲገናኙ የደም ግፊት በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ለኤችአይቪ የሚሰጠው ሪቶናቪር፣ ለፈንገስ የሚሰጠው ኬቶኮናዞልና ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክም የሲልደናፊልን መጠን በጣም ከፍ ያደርጋሉ። ብልት ከአራት ሰዓት በላይ ሳይረግብ ከቆየ ሳያፍሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ከዘገየ ጉዳቱ ቋሚ ይሆናል።

ኪኒኑ ያልሆነለት ሰው የቫኪዩም ፓምፕ ወይም ብልት ውስጥ የሚወጋ መርፌ ሊታሰብለት ይችላል፤ ፕላትሌት ያነሰበት ወይም ደሙ የማይረጋ ታማሚ ግን ስለሚደማ ሐኪሙ ቁጥሩን ማየት አለበት።

ከባለቤትዎ ጋር

ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በወሲብ፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በመተቃቀፍ፣ በአንድ አልጋ በመተኛት አይተላለፍም። ብዙ ሰው ቫይረሱ እንዳለበት የሚያውቀው ለዓረብ አገር ጉዞ የሕክምና ምርመራ ሲወድቅ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኑን የሚለዩ ቤተሰቦችም አሉ። አላስፈላጊ ጭካኔ ነው።

መደረግ ያለበት ይህ ነው፦ ባለቤትዎ ትመርመር። ቫይረሱ ከሌለባትና መከላከያም ከሌላት ክትባቱን ትጀምር። መጀመሪያ አንድ፣ ከወር በኋላ ሁለተኛ፣ በስድስተኛው ወር ሦስተኛ። ከመጨረሻው ክትባት አንድ ወይም ሁለት ወር በኋላ መከላከያው መያዙ በደም ምርመራ ይረጋገጥ። እስከዚያ ኮንዶም ይጠቀሙ። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ለየብቻ ይሁን፤ ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። ሄፓታይተስ ሲ በባልና ሚስት መካከል በወሲብ የሚተላለፈው ከስንት አንዴ ነው፤ ሕክምናውም በብዛት 12 ሳምንት ወስዶ ከ95 በመቶ በላይ ታማሚዎችን ይፈውሳል።

ሆድ በውሃ ሲወጠር ወይም እንብርት ሲወጣ ከላይ መሆን ይከብዳል። በጎን ተኝቶ፣ ወይም እርስዎ ጀርባዎን ተደግፈው ተቀምጠው እሷ ከላይ ብትሆን ጫናው ይቀንሳል። ውሃው በመርፌ ከተቀዳ በኋላ ባሉት ቀናት ብዙዎች ይቀላቸዋል። ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ መውጣት ከቻሉ ሰውነትዎ ድካሙን ይችላል ተብሎ ይገመታል። በቅርቡ ደም ያስታወከ ሰው ግን የደም ሥሩ ታስሮ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ይታገሥ። መቆም ያልቻለበት ምሽት ደግሞ መነካካትም መተቃቀፍም አለ፤ እንደ ሽንፈት ቆጥሮ ጀርባ ሰጥቶ መተኛት ነው ትዳሩን የሚጎዳው።

ልጅ ካሰቡ፣ ጉበት ከተተከለልዎ

ሲሮሲስ የወንድ ዘር ሕዋስን ቁጥር ይቀንሳል፤ ያ ማለት ግን እርግዝና አይኖርም ማለት አይደለም፤ ካልፈለጉ መከላከያ ይጠቀሙ። ለሄፓታይተስ ሲ ሪባቫይሪን የወሰደ ወንድ በሕክምናው ወቅትና ካበቃ በኋላ ለስድስት ወር ሚስቱ እንዳታረግዝ መጠንቀቅ አለበት፤ መድኃኒቱ ጽንስን ይጎዳል። ሚስት ሄፓታይተስ ቢ ካለባት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ እንዳለበት ለአዋላጇ አስቀድሞ ይነገር።

ሕንድም ይሁን ሌላ አገር ሄደው ጉበት የተተከለላቸው ወንዶች ብዙውን ጊዜ ሆርሞናቸው በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ፍላጎት ከመቆም ቀድሞ ይመጣል። ቁስሉ እስኪጠገግ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። አዲሱን ጉበት ሰውነት እንዳይጥለው ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ሲሮሊመስ ዘርንና ቴስቶስትሮንን ሊቀንስ ይችላል። ማይኮፌኖሌት የሚወስድ ወንድም መድኃኒቱን ባቆመ ሦስት ወር ሳይሞላው ልጅ እንዲያስብ አይመከርም። ስለዚህ ልጅ የሚፈልጉ ከሆነ መድኃኒቱ ከመመረጡ በፊት ለቀዶ ሕክምና ቡድኑ ይንገሯቸው፤ ከተጀመረ በኋላ መለወጡ ጊዜ ይፈጃል።